ሁሉን በአንድ ወይስ ለእያንዳንዱ የራሱ? ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ልናስብበት የሚገባ ጉዳይ



እስቲ እንዲህ እናስብ። አንድ ወንድማችን ከመርካቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ነው። ታክሲው ቆም ባለበት ቅጽበት አንድ እጅ በመስኮቱ ገብቶ ስልኩን ይነጥቀዋል። ወንድማችን የጠፋበት ስልክ ብቻ ነው? አይደለም። ገንዘብ የሚከፍልበትና የሚቀበልበት፣ የደንበኞቹን ቁጥር የመዘገበበት፣ ዱቤ የጻፈበት፣ ለሱብሒ የሚቀሰቅሰው፣ የደርስ ድምፅ የሚያዳምጥበት፣ ማታ መንገድ የሚያበራለት፣ የሟች አባቱ ፎቶ ያለበት ዕቃ ነው በአንድ እጅ የተነጠቀው። ከጎኑ የተቀመጠ መንገደኛ አዝኖለት «በእኔ ስልክ ለቤተሰብህ ደውል» ቢለው እንኳ የባለቤቱን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም።

ከ20 ዓመት በፊት ይህ ወንድም ስልኩ ቢሰረቅ የሚያጣው ስልኩን ነበር። ሰዓቱ ከራስጌው፣ የእጅ ባትሪው ከመሳቢያው፣ ፎቶው ከአልበሙ፣ የስልክ ቁጥሮቹም ከደብተሩ አይነቃነቁም። ዛሬ ሁሉም አንድ ኪስ ገብተዋል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አደጋም አለው። በዚህ ጽሑፍ ሁሉን በአንድ የያዘ ዕቃ የት እንደሚጠቅመን፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃስ የት ሊቀር እንደማይገባው እንመለከታለን።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ስልክን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የማዋሐድ ሐሳብ የቆየ ነው። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሳይመን» የሚባል ስልክ ለገበያ አቀረበ። ስልክ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የአድራሻ መዝገብ፣ ካልኩሌተር፣ ፋክስና ኢሜይል በአንድ ላይ የያዘ ነበር። ሆኖም እየተነጋገሩበት ባትሪው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የተሸጠውም 50 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ባትሪው ግን አልደረሰበትም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኖኪያ ሁለት ስልኮችን አወጣ፤ የሁለቱ ታሪክ ለዛሬው ርዕሳችን ጥሩ ትምህርት ነው። አንደኛው ኖኪያ 1100 ነው። በአናቱ ላይ ትንሽ መብራት ያለው፣ ርካሽና ጠንካራ ስልክ ነበር። ወደ 250 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሽጦ በታሪክ በብዛት ከተሸጡት ስልኮች አንዱ ሆኗል። ሁለተኛው «ኤንጌጅ» የሚባለው፣ ስልክንና የጌም መጫወቻን ያዋሐደው ነው። ጌም ለመቀየር የስልኩን ሽፋንና ባትሪ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ለመነጋገርም ስልኩን በጠርዙ ጆሮ ላይ ማቆም ግድ ነበር። ተጫዋቹም ደዋዩም አልወደዱት፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ።

ልዩነቱ ምን ነበር? የ1100 መብራት ከስልኩ ምንም አልቀማም። ቦታው ትንሽ፣ የሚወስደው ኃይልም ጥቂት ነው፤ ሰውም መብራቱን የሚፈልገው ስልኩን በሚይዝበት ሰዓት ነው። በኤንጌጅ ላይ ግን ጌሙ ስልኩን አበላሸው፣ ስልኩም ጌሙን። ሁለት ሥራ አንድ ላይ ሲገባ መጠየቅ ያለበት «ይቻላል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «አንዱ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል ወይ?» የሚለውም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2007 አይፎንን ሲያስተዋውቅ መጀመሪያ ሦስት ዕቃዎች እንዳመጣ አድርጎ ተናገረ፤ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ስልክና የኢንተርኔት መገናኛ። ቀጥሎ ሦስቱ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ገለጠ። ይህ ዕቃ የራሱን ኩባንያ ሌላ ምርት ሳይቀር ተካው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አይፖድ በ2022 ምርቱ እንዲቆም ተደረገ። የካሜራ ገበያም እንዲሁ ነው። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ መሠረት በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ በ2023 ግን ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል።

ሁሉን በአንድ መያዝ የሚጠቅመው የት ነው?

ሚዛናዊ እንሁን። አንድ ስማርት ስልክ አቅም ለሌለው ሰው የከፈተው በር ቀላል አይደለም። ካሜራ፣ ካልኩሌተር፣ መዝገበ ቃላት፣ ካርታ፣ ድምፅ መቅጃና ማጫወቻ ለየብቻ ይግዛ ቢባል ስንቱ ቤተሰብ ይችል ነበር? በጅዳ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን እናስባት። ከእናቷ ጋር የምትነጋገረው፣ ደሞዟን የምትልከው፣ ማታ ማታ ቁርኣን የምትቀራው በዚያው በአንዱ ስልክ ነው። ለእሷ «ለእያንዳንዱ የራሱ ዕቃ ይሻላል» ብሎ መምከር ትርጉም የለውም።

በአጠቃላይ አንድ ላይ መሆናቸው የሚጠቅመው አልፎ አልፎ የምንፈልጋቸው፣ ቢጎድሉም የማይጎዱን ነገሮች ናቸው። ካልኩሌተር፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የወረቀት ፎቶ አንስቶ መላክ፣ ካርታ፣ የቃላት ትርጉም የመሳሰሉትን ለስልክ ብንሰጥ የምናጣው ነገር የለም። ካልኩሌተሩ ቢጠፋ በወረቀት እንደምራለን።

ችግሩ የት ላይ ነው?

አንደኛው ባትሪ ነው። አሥር ሥራ የሚሠራ ዕቃ አሥር ባትሪ የለውም። ኃይሉን የሚጨርሰው በአብዛኛው ስክሪኑና የኔትወርክ ግንኙነቱ ነው። ቀን ቪዲዮ ያየንበት ኃይል ማታ መብራት ሲሄድ መንገድ ልናበራበት፣ ለሱብሒ ልንነሳበት የነበረው ነው። የስልክ ባትሪ ደግሞ ዕድሜ አለው። እንደየስሪቱ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ የመያዝ አቅሙ ከአዲስነቱ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በየገጠሩ የሚታየው የሶላር መብራትም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው። ብዙዎቹ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ አላቸው፤ ቀን ሦስት የጎረቤት ስልክ የሞላ መብራት ግን ማታ ልጆቹ ሲያጠኑ ቶሎ ይጠፋል። ብርሃኑ ስልኮቹ ውስጥ ገብቷልና።

ሁለተኛው አንዱ ሲበላሽ ሁሉም መቆሙ ነው። ከወጥ ቤት ምሳሌ እንውሰድ። ጁስ መፍጫ፣ ቅመም መፍጫና ሥጋ መፍጫ በአንድ ላይ የያዘ ማሽን ብዙ ዕቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ አንድ ነው። የረመዳን ሳምንት ሲቀረው ደረቅ ቅመም በዝቶበት ሞተሩ ቢቃጠል ጁሱም አብሮ ቀረ። አትሞ፣ ኮፒ አድርጎና ስካን አድርጎ የሚሠራ ማተሚያም አለ። አንዳንዶቹ ቀለማቸው ሲያልቅ ስካን ማድረግም እምቢ ይላሉ፤ ስካን ለማድረግ ግን ቀለም አያስፈልግም። ለአነስተኛ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ይህ የአንድ ቀን ገቢ ነው።

ሦስተኛው የአቅም ጉዳይ ነው። ካሜራን እንይ። ጥሩ ፎቶ የሚመጣው ከብርሃን ነው፤ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል በሰፋ ቁጥር የሚሰበስበው ብርሃን ይበዛል። የባለሙያ ካሜራ ውስጥ ያለው ክፍል 36 በ24 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በስልክ ውስጥ ያለው ግን ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። ስልክ ይህን ጉድለት ብዙ ፎቶ በአንዴ አንስቶ በማዋሐድ ይሸፍነዋል፤ በቀን ብርሃን ልዩነቱን ላናየው እንችላለን። ማታ በሠርግ አዳራሽ ከሩቅ ሲነሳ ግን ይታያል። ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን ያልጣሉት ለዚህ ነው። የዓረብ አገር እህቶቻችን የሚያውቁት አጥቦ የሚያደርቀው ማሽንም እንዲሁ ነው። 8 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያደርቀው 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የታጠበው ልብስ ለሁለት ተከፍሎ ይደርቃል።

በቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድስ? አንድ ሥራ ነው ዋናው ሥራው፤ እንጀራ መጋገር። 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ ሙቀቱ እስከ ዳር እኩል የሚደርስ ምድጃ ለሌላ ምግብ ብዙም አያስፈልግም፤ እንጀራ ግን ያለእሱ ዓይን አያወጣም። ስንት ዓይነት ዘመናዊ ምድጃ ቢመጣ ምጣድ ከቤታችን ያልወጣው ሥራው ለብቻው የተሠራ ዕቃ ስለሚፈልግ ነው።

አራተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ትኩረታችን ነው። ሰዓት ለማየት ስልክ እናነሳለን፤ ሰዓቱን ሳናይ ሃያ ደቂቃ እናሳልፋለን። ማታ ለሱብሒ አላርም ልንሞላ ያነሳነው ስልክ እስከ እኩለ ሌሊት ያስቆየናል፤ ሱብሒ ላይ የሚደውለውም ያላስተኛን ያው ስልክ ነው። ቁርኣን በስልክ ስንቀራ ከአንቀጹ በላይ መልእክት ብቅ ይላል፤ ጣታችንም ሳናስበው ይነካዋል። ሙስሐፍ መልእክት አይገባበትም። ጠረጴዛ ላይ ያለ የደወል ሰዓትም ከመደወል ውጪ የሚያሳየን ነገር የለም። አንድ ሥራ ብቻ መሥራቱ ጉድለት የሚመስለን ዕቃ እዚህ ላይ ጥቅሙ እሱ ነው።

ከዓረብ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን የሚያመጧቸው አዛን የሚያሰሙ የግድግዳ ሰዓቶች፣ ጣት ላይ የሚደረጉ የዚክር መቁጠሪያዎች፣ ቁርኣን የተጫነባቸው ትናንሽ ድምፅ ማጫወቻዎች ዛሬም በየቤቱ ያሉት ለዚህ ይመስለናል። ሁሉም በስልክ መተግበሪያ ይገኛሉ። ነገር ግን አያታችን ማጫወቻውን በአንድ ቁልፍ ትከፍተዋለች፤ ልጃችንም «ቁርኣን ላዳምጥ» ብሎ ወስዶ ጌም ሲጫወት አይገኝም።

ስለ ቂብላ አንድ ነገር

ቂብላን በስልክ የምንፈልግ ብዙ ነን። የስልክ ኮምፓስ የሚሠራው የምድርን መግነጢስ በሚለካ በጣም ትንሽ ክፍል ነው። ስለዚህ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን፣ ድምፅ ማጉያ፣ የብረት ጠረጴዛ ወይም መኪና አጠገብ ሲሆን ሊሳሳት ይችላል፤ ሲሳሳትም በሙሉ ልብ ነው ሌላ አቅጣጫ የሚያሳየው። ሽፋኑን አውጥቶ፣ ከብረት ርቆ፣ ስልኩን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር (8) ቅርፅ እያስያዙ ማወዛወዝ ያስተካክለዋል። የኪስ ኮምፓስም ቢሆን ብረት አጠገብ ይሳሳታል።

ነገር ግን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማረጋገጫው ቀላል ነው። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት፤ የቂብላው አቅጣጫ ከቀጥታው ሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፊታችንን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገን ብንቆም ግራ እጃችን ወደ ሰሜን ያመለክታል። ስልኩ ከዚህ በጣም የራቀ አቅጣጫ ካሳየን የተሳሳተው ስልኩ ነው። አንድን ነገር በዕቃ ብቻ ሳይሆን በዕውቀትም መያዝ ማለት ይህ ነው።

ከመግዛታችን በፊት አራት ጥያቄዎች

ሱቅ ውስጥ «ይሄ አምስት ሥራ ይሠራል» ስንባል እነዚህን እንጠይቅ።

1. ሥራዎቹን በአንድ ሰዓት እፈልጋቸዋለሁ ወይ? ጁስና ቅመም በአንድ ሰዓት አንፈጭም፤ ስለዚህ ሞተሩ አንድ ቢሆን ችግር የለውም። ማብራትና ቻርጅ ማድረግ ግን መብራት በሄደ ሌሊት አንድ ላይ ይፈለጋሉ።

2. አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሌላው ይሠራል ወይ? ለየብቻ ይጠገናል ወይ? ሻጩ መልስ ከሌለው ጠጋኙን እንጠይቅ። ጠጋኝ የትኛው ማሽን ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣለት ያውቃል።

3. ከአምስቱ ሥራ በእርግጥ የምጠቀመው ስንቱን ነው? ለሁለቱ ብቻ ከሆነ ለሦስቱ የምንከፍለው ኢስራፍ ነው። ሁለት ቀላል ዕቃ ከአንድ ውስብስብ ዕቃ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

4. ይህ ዕቃ ዛሬ ማታ ቢጠፋ ወይም ቢዘጋ ነገ ጠዋት ምን ይጎድለኛል? ከአራቱ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ በአንድ ላይ ይሁን። መልሱ የቤተሰብ ቁጥር፣ ገንዘብ፣ ሶላት ወይም የልጅ ደኅንነት ከሆነ ለብቻው ሌላ መጠባበቂያ ይኑረው።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ስልካችንን እንጣል አንልም። ከስልኩ ውጪ መኖር ያለባቸውን ጥቂት ነገሮች እንለይ ነው የምንለው። አብዛኞቹ ብዙ ወጪ የላቸውም።

የአምስት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈን አንዱን ቤት፣ አንዱን የኪስ ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጥ። ሁለቱን በቃላችን እንያዝ፤ ልጆቻችንም የእናታቸውንና የአባታቸውን ቁጥር በቃላቸው ይያዙ። በውጭ አገር ያሉ እህቶቻችን ይህን ወረቀት ከፓስፖርታቸው ቅጂ ጋር፣ ከስልካቸው ተለይቶ እንዲያስቀምጡት አደራ እንላለን። ስልክ የተነጠቀባት እህት ከማንም ስልክ ወደ ቤተሰቧ መደወል የምትችለው ቁጥሩን ካወቀች ብቻ ነው።

በስልካችን ላይ *#06# ብንጽፍ የስልኩ መለያ የሆነ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። እሱንም እንጻፈው፤ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ለፖሊስ ለማመልከት ያስፈልጋል፣ ያኔ ግን ስልኩ በእጃችን የለም። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ሁለቱም ይጻፉ።

ስለ ቴሌብር የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። አገልግሎቱ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙዎቻችን የኪስ ቦርሳ ሆኗልና ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ገንዘቡ ያለው ግን ስልኩ ውስጥ አይደለም፤ ከስልክ ቁጥራችን ጋር በተያያዘ ሒሳብ ነው የሚቀመጠው፣ የሚጠብቀውም የሚስጥር ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ስልክ ሲነጠቅ የመጀመሪያው ሥራ ከሌላ ስልክ ወደ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት ነው። ከዚያ መታወቂያ ይዞ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም ማውጣት ይቻላል። የሚስጥር ቁጥርን በስልኩ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ግን በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደመተው ነው።

ቤት ውስጥ የተቀመጠ ተራ ባለቁልፍ ስልክ ካለ አንጣለው። ባትሪው ለቀናት ይቆያል፤ በ*127# የቴሌብር አገልግሎትንም ያለ ኢንተርኔት ያስኬዳል።

አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ የደወል ሰዓት፣ ከተቻለም አንድ ትንሽ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ይኑሩ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ያን ጊዜ የስልኮቻችን አብዛኛው አገልግሎት ዝም ሲል የሬዲዮ ሥርጭት ግን ይሰማ ነበር። ብዙ ስልኮች የኢርፎናቸውን ገመድ እንደ አንቴና ተጠቅመው ያለ ኢንተርኔት ኤፍኤም ያሰማሉ፤ የኢርፎን ቀዳዳ የሌላቸው ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ግን ይህን አያደርጉም። ስልክ ስንገዛ ይህን መጠየቅ አይከፋም።

ፎቶና ጠቃሚ ሰነድ በፍላሽ ወይም በሌላ ሚሞሪ ገልብጠን ከስልኩ ለይተን እናስቀምጥ። የሞቱ ወላጆቻችን ፎቶ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ካለ ለጊዜው የተዋስነው ያህል ነው።

በመጨረሻም ማታ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጪ ቻርጅ ላይ ሰክተን፣ ለሱብሒ የሚቀሰቅሰን ሰዓት ከራስጌያችን እናድርግ። አንድ ሳምንት እንሞክረው፤ ስንት ሰዓት እንደተኛንና እንዴት እንደነቃን ልዩነቱን እናየዋለን።

በመግቢያችን ላይ ወደተነሳው ወንድም እንመለስ። ስልኩ መነጠቁን ማስቀረት ላይችል ይችላል። ነገር ግን የባለቤቱን ቁጥር በቃሉ ቢያውቅ፣ የዱቤ ደብተሩ ሱቁ ውስጥ፣ የአባቱ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሰዓቱም ከራስጌው ቢሆን የሚያጣው ስልክ ብቻ ነበር። ስልክ ደግሞ በገንዘብ ይተካል።

አላህ ከድንገተኛ ጉዳት ይጠብቀን፣ ባለን ነገር በአግባቡ የምንጠቀም ያድርገን።